ጋቢው ላይ የሚሄድ ቀለም

ሰቆጣ በገባሁ ጊዜ ጎፈሬዬ ከእኔ አንድ እርምጃ ቀድሞ ነበር የሚሄደው። ዛሬ አናቴ ላይ የቀረችውን ፀጉር ለሚያይ ሰው ይህን ማመን ይከብደዋል፤ እኔንም አንዳንዴ ይከብደኛል። ዘመኑ የደርግ ነው። ክፉው ድርቅ አልፎ አገሩ ገና ነፍስ ሊዘራ ይፍጨረጨራል። ለገበሬ የሚያስተምር ፊልም የሚያሳይ አንድ መሥሪያ ቤት ቀጠረኝና ካሜራ፣ የቪዲዮ ማጫወቻ፣ ትንሽ ባለቀለም ቴሌቪዥን እና እንደ ሽማግሌ የሚያስል ጄኔሬተር አስረክቦ ወደ ዋግ ላከኝ። አዲስ አበባ ላይ አጭር ሥልጠና ወስጃለሁ። ማጠሩን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሰው "ባለሙያው" ሲለኝ ዝም እላለሁ፤ ዝምታዬን ትሕትና ይሉልኝ ነበር።

የተከራየሁት አንድ ሸማኔ ግቢ ውስጥ ነው። ሸማኔውን አባባ፣ ባለቤታቸውን እማማ እላቸው ነበር። አባባ ረዥም፣ ፂማቸው እንደ ባዘቶ የነጣ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። እማማ አጭርና ቁጡ ነበሩ፤ ቁጣቸው ግን ከአፋቸው ሳይወጣ ይበርዳል። ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ለብቻቸው ሲሆኑ በአገውኛ። እኔ የደሴ ልጅ ስለሆንኩ አገውኛ አልሰማም። ሲስቁ ግን በእኔ እንደሆነ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። አንዲት ልጅ ብቻ አለቻቸው፤ አዲስ አበባ ነርስነት ትማራለች። አይቻት አላውቅም።

አንድ ዓመት አዝመራው ሲከፋ አባባ የሠሩትን ጋቢ በአህያ ጭነው በማሽላ ሊለውጡ ወደ አበርገሌ ወረዱ። ቆላው ሙቀቱ ሌላ፣ ወባው ሌላ። እዚያው ወደቁ። አብረዋቸው የወረዱት ሰዎች ሲመለሱ "በጣም ታመዋል፤ የሚተርፉም አይመስሉ" አሉ። ወሬ እንደምታውቁት በእግሩ አይሄድም። ከገበያ ገበያ እየዞረ፣ መኪና ላይ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ሲደርስ አባባ ተቀብረው ነበር።

አባባ ግን አልሞቱም። ብዙ ሳምንት ቆይተው አንድ ከሰዓት በኋላ በቅሎ ላይ ደገፍ ብለው ግቢው በር ላይ ቆሙ። በትኩሳቱ ጊዜ ፀጉራቸውንም ፂማቸውንም ላጭተዋቸዋል፤ ሰውነታቸውም ግማሽ ሆኗል። የገዛ ውሻቸው ጮኸባቸው። እማማ እንኳን መጀመሪያ ያወቁት ፊታቸውን አይደለም፤ ጋቢያቸውን ነው።

ይህን ጋቢ ላስተዋውቃችሁ። አባባ ለሰው ሲሠሩ ነጭ ጋቢ ነው የሚሠሩት። ለራሳቸው ግን ጥቁርና ነጭ ክር እያፈራረቁ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የቀጠነ መስመር ከላይ እስከ ታች ያወረዱበት አንድ ጋቢ ነበራቸው። በሰቆጣ እንዲህ ያለ የለበሰ ሌላ ሰው አልነበረም። ጥቁሩ የጥቁር በግ ፀጉር ነው፤ ቀለም የሚባል ነገር አልነካውም። "ቀለም ውሸታም ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ይናዘዛል" ይሉ ነበር።

ከጎረቤታችን ጨርቅና ጨው የሚሸጥ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ወንድሙ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሱቅ አለው። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ተመልሶ ሊጠይቅ ሲመጣ አባባን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አያቸውና ከበሩ አላልፍ አለ።

"ቢስሚላህ! እኔ እኮ የእርስዎን ለቅሶ ደርሼ መምጣቴ ነው!"

"ምን ይዘህ ደረስክ?" አሉት አባባ።

"ስኳር ነዋ።"

"ታዲያ የእኔን ስኳር ማን በላው?"

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ነጋዴው ቁጭ ብሎ የነገረን ይህን ነው፦ ልጅቱ መርዶ ተረድታ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ትምህርቷን ትታለች። እህል አልቀምስም ብላ፣ በስንት ልመና አንድ ጉርሻ ከጎረሰች ጎረቤቱ እልል ይላል።

ነጋዴው በወንድሙ በኩል ቃል ላከ፦ አባትሽ በሕይወት አሉ። መልሱ በሚቀጥለው መኪና መጣ፤ አላመነችም። እንዴትስ ብላ ትመን? እኛ አገር ሩቅ ላለ ልጅ የሞት እውነት በቀጥታ አይነገርም። "አባትሽ ደህና ናቸው፤ ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ነው" የሚባለው አባት አፈር ከለበሰ በኋላ ነው። "ደህና ናቸው" የሚለው ቃል ብዙ ሙት ተሸክሟል። የነጋዴው ወንድም ምሎ ቢነግራት "እንድበላላችሁ ነው የምትዋሹኝ" ብላ ጭራሽ ያቺንም አንድ ጉርሻ ተወች።

አባባ እንዳይሄዱ ጭነት መኪና ላይ የሚያስቀምጥ አቅም የላቸውም። እማማ ልሂድ ቢሉ ሌላ ጣጣ ነው። "እኔ ብቻዬን ብሄድ 'ባሏ የሞተባት መጣች' ነው የሚባለው" አሉና ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ! ያ ሳጥንህ የሰው መልክ ይይዛል አይደል?"

"ይይዛል፣ እማማ።"

"ድምፅስ?"

"ድምፅም።"

"እንግዲያ እሳቸውን ይያዝና ለልጄ ያድርስልኝ። እስከ ዛሬ በሬ ብቻ ነው ያሳየኸን።"

በማግሥቱ ጠዋት ነጋዴው ቤንዚን አመጣ። ቴሌቪዥኑን በበሩ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ። የካሜራውን ሽቦ በማጫወቻው አሳልፌ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁ፤ እየቀረጽን እንድናይ ብዬ። አባባ ያን ጋቢ ለብሰው የሽመና ጉድጓዳቸው አፋፍ ላይ ተቀመጡ። ጄኔሬተሩ ሳሉን ጀመረ፣ ቴሌቪዥኑ በራ፣ አባባ መስተዋቱ ላይ ወጡ።

ወጡ፤ ጋቢያቸው ላይ ግን ቀስተ ደመና ይሄድ ነበር። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ዘይት እንደፈሰሰበት ውሃ። አባባ በተነፈሱ ቁጥር ቀለሙ ከትከሻ ወደ ደረት ይንሸራተታል።

"ምን አልብሰህ ነው ያወጣሃቸው?" አሉ እማማ።

አባባ አንገታቸውን አስግገው ቴሌቪዥኑን አዩ። "ያ የማን ጋቢ ነው?"

ባለሙያው እኔ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ "አባባ፣ ክሩን በምን ነበር የነከሩት?" አልኩ።



"እኔ? ነከርኩ?" አሉ አባባ ቀስ ብለው። "አበርገሌ ላይ ወባ ስትይዘኝ እንኳን እንዲህ አልደፈረችኝም።"

እማማ የያዛቸው ግን ሌላ ጭንቅ ነው። "ልጄ ይኼን ካየች 'ሌላ ሰውዬ አልብሰው አመጡልኝ' ነው የምትል። ፊታቸው እንደሆነ ተለውጧል፤ ፂም የለ፣ ጉንጭ የለ። ጋቢውም ከተለወጠ ምኑን ይዛ ትመን?"

ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር። ልጅቱ አባቷን የምታውቅበት የቀራት ያ ጋቢ ነው።

ሙያዬን ሁሉ አወጣሁ። በመጀመሪያ ቴሌቪዥኑን በጥፊ መታሁት፤ በዚያ ዘመን የጥገናው ግማሽ ጥፊ ነበር። ቀጥሎ ሽቦውን ነቅዬ ሰካሁ። ጄኔሬተሩን ወቀስኩ፣ ፀሐይዋን ወቀስኩ፣ የካሜራውን ዓይን በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁ። ሸሚዜ ቆሻሻ ስለነበር ያንኑ መልሼ በሌላው ጫፍ ጠረግሁ። ቀስተ ደመናው ንቅንቅ አላለም።

ይባስ ብሎ እማማ የባላቸውን ጋቢ ሊያስተካክሉ ካሜራው ፊት አለፉ። የነጠላቸው ጥለት ቀይ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ በቀዩ ጥለት ዳርና ዳር ጥቃቅን ነጥቦች ተሰልፈው ይርመሰመሳሉ።

"ጉንዳን! ጉንዳን ወጣብኝ!" ብለው ነጠላቸውን ያራግፉ ጀመር። ዝቅ ብለው ሲያዩ ምንም የለም፤ ቀና ብለው ሲያዩ ሰልፉ እንደ ቀጠለ ነው። "አንተ ልጅ፣ ይኼ ሳጥንህ ተባይ አለው!"

ይህን ጊዜ አባባ ሳል መጣባቸውና የጋቢውን ጫፍ ስበው ጭናቸው ላይ አጋደሙት። መስመሩ በተጋደመበት ቦታ ቀለሙ ጥፍት አለ። ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ። ዘልዬ ተነሣሁ።

"አባባ! ጋቢውን ያዙሩት! መስመሩ ይጋደም! በወርዱ ይልበሱት!"

አዞሩት። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድም ቀለም የለም። ለራሴ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ዞር ስል ግን እማማ ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነዋል።

"ምነው ልጄ! ምነው ምን በደልንህ!"

ጋቢው ሲዞር ጫፉ ላይ ያለው ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ አንገታቸው ሥር መጥቷል። ጋቢውን እንዲህ ዘቅዝቆ የለበሰ ሰው ሞት አለበት፤ ይህን ደሴም ያውቃል፣ ሰቆጣም ያውቃል። የማያውቅ የእኔ ሥልጠና ብቻ ነበር።

"ልጄ 'አባቴ አለ' ብላ ሳትጨርስ 'እናቴ ሞታ አባቴ ሐዘን ተቀመጠ' ልትል ነው?" አሉ እማማ። "አንዱን ስታነሣ አንዱን ቀበርክ!"

"እኔስ ግዴለም፣ አንዴ ሞቼ ለምጄዋለሁ" አሉ አባባ። "እሷ ግን አልለመደችም።"

ጋቢያቸውን አስተካክለው ለበሱና በጉልበታቸው እየተደገፉ ተነሡ። መሣቅ ይሁን መቆጣት ባልለየ ፊት ወደ ካሜራው መጡ። "እስቲ ይኼ ዓይኑ የታመመ ነገር ቀርቦ ይይ!" ብለው ደረታቸው ላይ ያለውን ጋቢ ዓይኑ ሥር ደቀኑበት።

"ይኸው!" ብለው ጮኹ እማማ ከቴሌቪዥኑ ፊት። "ይኸው ጋቢዎ! ይኸው!"

መስመሩ እንደ እርሻ ትልም ሰፍቶ ሞልቶታል። አንዱ ትልም ጥቁር፣ አንዱ ነጭ፤ ሌላ ምንም የለ። ያን ጊዜ ሥልጠናው ላይ እያንቀላፋሁ በግማሽ ጆሮ የሰማሁት ነገር ከየት እንደመጣ ሳላውቅ መጣልኝ።

"አባባ፣ ገባኝ። ከካሜራው እስከ ቴሌቪዥኑ ያለው አንድ ሽቦ ነው። ብርሃኑም ቀለሙም በዚያው በአንዱ ነው የሚሄዱት።"

"ጨውና ዱቄት በአንድ ስልቻ?" አለ ነጋዴው። "የማን ሞኝ ነው የጫነው?"

"ድሮ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ብቻ ሳለ ስልቻው የዱቄት ብቻ ነበር። ቀለም ሲመጣ ሌላ ስልቻ አልጨመሩም፤ እዚያው ላይ አደረጉት። ቀለሙ በጣም ቶሎ ቶሎ የሚርገበገብ ሆኖ ነው የሚጫነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ረጋ ያለውን ብርሃን ነው፣ ቶሎ ቶሎ የሚርገበገበውን ቀለም ነው ብሎ ይለያል። አሁን ካሜራው ሰው ሲያይ እንደ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር፣ መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። የእርስዎ ጋቢ ላይ ሲደርስ ጥቁር ነጭ፣ ጥቁር ነጭ፣ ጥቁር ነጭ... ብርሃኑ ራሱ ልክ እንደ ቀለሙ ይርገበገብበታል። ቴሌቪዥኑ ምን ያድርግ? ቀለም መጣ ይላል።"

"ሲጋደምስ?" አሉ አባባ።

"ካሜራው ከመስመሩ ጋር አብሮ ይሄዳላ፤ አያቋርጠውም፤ ብርሃኑም አይርገበገብም። ሲቀርብ ደግሞ መስመሩ ይሰፋል፣ ይረጋል።"

"የእኔስ ጉንዳን?" አሉ እማማ።

"እሱ ተቃራኒው ነው፣ እማማ። ከቀዩ ቀለም ተለይቶ ያላለቀው ወደ ብርሃኑ ይገባና ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይሄዳል።"

"ጨው ያለበት ዱቄት" አለ ነጋዴው፣ ራሱን እየነቀነቀ።

አባባ ጋቢያቸውን በሁለት ጣት ይዘው አዩት። "ስለዚህ ይኼ ዕቃ ያበደው እኔ መስመሩን በጣም ስላቀጠንኩት ነው?"

"አዎ፣ አባባ። ወፍራም ቢሠሩት ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር።"

"እንግዲያ ይበድ" አሉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። 'በምን ነከሩት' ብዬ የሰደብኳቸውን በዚያች ቅጽበት ይቅር እንዳሉኝ አውቄዋለሁ።

ዘዴውን አገኘን። ካሜራውን ከጋቢው በአንድ ስንዝር ላይ አስጠጋለሁ፤ መስመሩ ጥርት ብሎ እስኪታይ። ከዚያ ምንም ሳልቆርጥ ቀስ እያልኩ ወደ ፊታቸው እወጣለሁ። ልጅቱ መጀመሪያ ጋቢውን ታያለች፤ ሰውየው ከዚያው ከጋቢው ውስጥ ይወጣላታል። በኋላ ርቄ ቀስተ ደመናው ቢመጣም ይምጣ፤ ያን ጊዜ አውቃቸዋለች።

የቀረው የሚናገሩት ነው። "አልሞትኩም ይበሉ" አልኳቸው።

"ሞትን በስሙ ጠርቼ 'እዚህ ነኝ' ልበለው? አላደርገውም።"

ካሜራውን አስጠጋሁ። አባባ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው እግራቸውን መርገጫው ላይ አደረጉ። ጋቢው፣ ከዚያ አንገታቸው፣ ከዚያ የተላጨው አገጫቸው፣ ከዚያ ዓይናቸው መጣ።

"አንቺ ልጅ" አሉ። "እዚህች ጉድጓድ ውስጥ እግሬ ላይ እየተኛሽ፣ መርገጫ አላስረግጥ እያልሽ፣ ስንቱን ቀን ሥራ አስፈትተሽኛል። እንዳትነቂ ብዬ እጄን አጣጥፌ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። አሁን ደግሞ ትምህርት ፈታሽ አሉኝ። ሥራ መፍታት የጀመረሽ ያኔ ነው፤ ያበላሸሁሽም እኔ ነኝ።"

ከዚያ ወደ አገውኛ ገቡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚሉትን አልሰማሁም፤ ግን ካሴቱን ዛሬ ያየው ሰው ሥዕሉ እዚያ ላይ እንደተወዛወዘ ያገኘዋል። ጄኔሬተሩ ነው ብያለሁ። እስከ ዛሬም ጄኔሬተሩ ነው።

"ሽቦውን የሚያውቅ አንተ ነህ" ተብዬ ካሴቱን ይዤ የወረድኩት እኔ ነኝ። ከኮረም ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ፣ በጭነት መኪና ላይ ካሴቱን ከሸሚዜ ሥር እንደ ጫጩት አቅፌ። እሑድ ዕለት የነጋዴው ወንድም ሳሎን ደረስኩ። ማጫወቻም ቴሌቪዥንም አለው። ደግ ሰው ነውና ምስክር ይሁኑ ብሎ አዲስ አበባ ያሉ የዋግ ሽማግሌዎችን ሰብስቧል። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ነጭ ለብሰው፣ በጨዋነት ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እኔም ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ አደነቅኩ።

ልጅቱን አንዲት ጎረቤት ደግፋ አስገባቻት። ጥቁር በጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ ጠልቋል። ሽማግሌዎቹን አየች። ዝምታቸውን አየች። ከሰቆጣ በአቧራ ነጥቶ የመጣውን እኔን አየች።

"እናቴን!" ብላ ጮኸች። "እናቴንም! እናቴንም ነው!"

መርዶ የሚነገረው እንዲሁ ነው እኮ፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰው ተጠርቶ። ሽማግሌዎቹ በአንድ ጊዜ ተነሥተው "አይደለም! አይደለም!" ሲሉ ደግሞ ባሰባት፤ መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ አይደለም ነው የሚለው።

እኔ ሽቦውን በተቃራኒ ሰክቼው ኖሯል። ቴሌቪዥኑ በረዶ ብቻ ያወርዳል። እሷ መሬት ላይ እየጮኸች፣ እኔ ከማጫወቻው ኋላ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ላቤ እየወረደ ነቅዬ ሰካሁ። በረዶው ቆመ።

ጋቢው መጣ። መስመር በመስመር፣ ጥቁርና ነጭ፣ የመስተዋቱን ስፋት ሞልቶ።

ጩኸቷ መሀል ላይ ቆመ። በእጇ መሬቱን እየተደገፈች ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋችና መዳፏን መስመሩ ላይ አስቀመጠች። ሥዕሉ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ መዳፏም አብሮት ወጣ፤ አንገት፣ አገጭ፣ ዓይን። አባቷ "አንቺ ልጅ" ሲሉ እጇን አነሣች፤ አፋቸውን የሸፈነችባቸው ይመስል።

ካሜራው ራቅ ሲል ትከሻቸው ላይ ቀስተ ደመናው ብቅ አለ።

"ይኼ ቀለም ምንድን ነው?" አለ አንድ ሽማግሌ።

እኔ ስለ ጨውና ዱቄት ልጀምር አፌን ከፈትኩ።

"ዝም በሉልኝ!" አለች።

አባቷ ወደ አገውኛው ሲገቡ እሷም መለሰችላቸው፤ ድምፅዋን አውጥታ፣ እሳቸው እዚያ ተቀምጠው መልስ እየጠበቋት እንዳሉ ሁሉ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት እያዩ ፈገግ አሉ። "ምን እያሏት ነው?" ብዬ አጠገቤ ያሉትን በሹክሹክታ ጠየቅሁ። "ለአንተ አይደለም" አሉኝ።

ሥዕሉ አለቀ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ከቅድሙ ሌላ ዓይነት ልቅሶ፣ ድምፅ የሌለው።

"አሉልሽ እኮ!" አለቻት ጎረቤቷ። "አሁን ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?"

"ተዪኝ። አሁን ልቤ ነው የደከመው።" ፊቷን በከሏ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። "ወንድሜ፣ መልሰው።"

ካሴቱ ወደ ኋላ ይጠመጠም ጀመር። ልጅቱ ዓይኗን ከባዶው ቴሌቪዥን ሳትነቅል፣ ለማንም እንዳልተናገረች ሁሉ፣ "ራበኝ" አለች።

የቤቱ እመቤት ወደ ጓዳ ሮጠች። ወዲያው እንጀራና ሽሮ መጣ። ልጅቱ ቴሌቪዥኑ ፊት መሬት ላይ እንደተቀመጠች ጎረሰች፤ አባቷ ተመልሰው ከመስተዋቱ እያዩዋት ጎረሰች። እኔም ከወልድያ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም ነበር። ግን "ብላ" ያለኝ ማንም የለም፤ "መልሰው" ብቻ ነው የሚሉኝ። መለስኩ፤ አሳየሁ፤ ደግሞም መለስኩ።